አራተኛው ቁራሽ

መጽሐፍ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ መሣሪያ ቢላዋ ነው።

ጊዜው መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው በተጀመረበት ሰሞን ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናው አልሆን ብሎኝ፣ ዓመት ሙሉ እናቴ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ስቆጥር ከርሜያለሁ። መቱ ከተማ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ጋሼ ነስሩ የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ የጽሕፈት መሣሪያና የመጻሕፍት ሱቅ ነበራቸው። ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁና ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ታደለች እንደምባልና ማንበብ እንደምወድ ስነግራቸው ፊታቸው ቅንጣት አልተፈታም።

«ማንበብ የሚወድ ሞልቷል። እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ።

ዘረጋሁላቸው። በጣታቸው ነካ አድርገው «ደረቅ ነው። የሚያልበው እጅ መጽሐፍ ያበሰብሳል» አሉና ቀጠሩኝ። የሥራ ፈተናዬ ይኸው ነበር።

ከዚያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ አዲስ ልብ ወለድ ከወረቀቱ ፈቱ። ወፍራም ነው። ቀለሙ ገና ይሸታል። ቢላዋውን በእጄ አስያዙኝና «ቁረጪው» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«መጽሐፉን ነዋ። አራት ቦታ።»

ሰውዬው ጤነኛ አይደሉም ብዬ ወደ በሩ አየሁ። እሳቸው ግን መጽሐፉን ከጀርባው ገልብጠው ክሩን አሳዩኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለመቱ የሚደርሰው መጽሐፍ ጥቂት ነው። የሚሸጠው ሳይነካ ይሸጣል፤ አንድ ቅጂ ግን ለውሰት ይቀራል። አንድ ሰው ያን ሁሉ ገጽ ይዞ ሦስት ሳምንት ከተቀመጠ ሌላው አንባቢ ምን ይሁን? አራት ቦታ ሲከፈል ግን አራት ሰው በአንድ ጊዜ ያነባል። አንደኛውን የጨረሰ ሁለተኛውን ይወስዳል፣ ከኋላው ያለው አንደኛውን ይይዛል፤ እንዲህ እየተከታተሉ ይሄዳሉ። ጋሼ ነስሩ እያንዳንዱን ክፍል «ቁራሽ» ይሉት ነበር። ዳቦ የሚያድሉ ነው የሚመስለው።

ቢላዋው የሚቆርጠው ክሩን እንጂ ወረቀቱን አይደለም። ይህን ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብኝ። ቀጥሎ በወስፌ ይበሳል፣ ክሩ በሰም ይታሻል፣ ይሰፋል፤ ከዚያ የሳሙና ካርቶን ተቆርጦ ክዳን ይሆናል። ሰሙ ከጎረቤት ከተማ ከሁሩሙ ማር ነጋዴዎች ነው የሚመጣው። የመቱ ዝናብ ወረቀት ጠላቱ ስለሆነ ከታችኛው መደርደሪያ ከሰል በሣጥን እናስቀምጣለን፤ እርጥበቱን ይጠጣል። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር መጻሕፍቱን አውጥተን በግራር ቅጠል ሳይሆን በንጹሕ ብሩሽ ሻጋታቸውን እንጠርጋለን። በቅጠል የሚጠርግ ሱቅ አይቼ ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።

በሱቃችን ማዕረግ ነበር። መጀመሪያ ቆራጭ፣ ቀጥሎ ሰፊ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አዟሪ። አዟሪ ማለት ቁራሾቹን ይዞ አንባቢው ዘንድ የሚሄድ፣ ያለቀውን የሚሰበስብ፣ ቀጣዩን የሚያደርስ ነው። ይህን ሥራ ጋሼ ነስሩ ራሳቸው ነበሩ የሚሠሩት። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ለእኔ ሰጡኝ። ከተቀጠርኩ ገና ጥቂት ወር ነበር፤ ያን ጊዜ ከሚኒስትርነት የሚያንስ ሹመት አልመሰለኝም።

ቁራሽ ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ሳምንት ባዶ እጄን አዞሩኝ። «መጽሐፍ ሻጭ የሌላውን መደርደሪያ ካላየ የራሱን አያውቅም» ይሉ ነበር። መናኸሪያ አጠገብ እትዬ ወርቄ የምትባል ሴት በጣውላ የተሠራች ጠባብ ሱቅ ነበረቻት፤ አሮጌ መጽሔት ለመንገደኛ ትሸጣለች። ጎሬ ደግሞ የዳዊት ማኅደር የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የተገነጠለ መጽሐፍ ሲያገኙ ሰፍተው፣ ከበራቸው ላይ ደርድረው ለፈለገ ይሰጣሉ። እነዚያን ሰዎች ሳይ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ዝናብና ጭቃ ባለበት አገር ወረቀት እንዳይሞት የሚታገሉ ሰዎች መኖራቸውን አላውቅም ነበር።

ከዚያ የማንበቢያ ቦታዎቹን አሳዩኝ። እዚህ ላይ ነው መቱን ተወልጄ አድጌባት እንዳላወቅኋት የገባኝ።

ልብስ ሰፊው ኦቦ ፈይሳ መስኮታቸው ሥር፣ በሲንጀራቸው ላይ መጽሐፍ ዘርግተው፣ እግራቸው መርገጫውን ሲረግጥ ዓይናቸው ገጹ ላይ ነው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ሴቶች ተራቸውን እየጠበቁ ያነባሉ። ሆስፒታሉ አጥር ጥግ ካለው ጽድ ሥር አስታማሚዎች ይቀመጣሉ። የሶር ወንዝ ድልድይ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱም ባለቤት አለው። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ደግሞ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይላጫል፣ የቀረው ይሰማል። ቁራሾቹ ሲመለሱ የት እንደነበሩ ሳልጠይቅ አውቅ ነበር። ዱቄት የነካው ከወፍጮ ቤት፣ ክር የተሰነቀረበት ከኦቦ ፈይሳ፣ ገጹ የሚጣበቀው ከሁሩሙ ማር ተራ።

መዝገባችን አንድ ሰማያዊ ደብተር ነው። እዚያ ላይ የአንባቢ ስም አይጻፍም። «ሦስተኛው ቁራሽ፣ ወፍጮ ቤት»፣ «አንደኛው ቁራሽ፣ ጽዱ ሥር» ተብሎ የሚያነብበት ቦታ ነው የሚጻፈው። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ሰሞን ጠይቄያቸዋለሁ።

«ሰው ቤቱን ይቀይራል፣ ሥራውን ይቀይራል። የሚያነብበትን ቦታ ግን አይቀይርም። ስም ይዘሽ ብትሄጂ ቤቱ ታጪዋለሽ፤ ቦታውን ካወቅሽ ታገኚዋለሽ» አሉኝ።

እውነትም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቁራሽ አልጠፋብኝም። ሌላ ምክንያት ይኖራቸዋል ብዬ አላሰብኩም። እናቴ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ መጻፍ ክፉ ነገር ይኖረዋል ብዬ ከየት ላምጣ።

በሦስተኛው ዓመት መምህር ዳንኤል የሚባል አስተማሪ ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ መጣ። እኩያዬ ስለሆነ አንተ ነበር የምለው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጃንጥላ የማይለየው ልጅ ነው። ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው ትምህርት ቤት ሁለት ባልደረቦቹ ተወስደው እንዳልተመለሱ ሰው ይናገር ነበር። እሱ አያወራም። ያነባል።

ችግሩ መምህር ዳንኤል የሚያነብበት ቦታ አልነበረውም። እየሄደ ነበር የሚያነበው። በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በአንድ እጁ ቁራሽ ይዞ፣ ከትምህርት ቤቱ ይነሳና ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ ይወርዳል፤ ተመልሶ ይወጣል። በሬ ሲመጣ ሳያይ ዞር ይላል። እግሩ መንገዱን ያውቀዋል። እኔ አስቁሜው ለማውራት ከኋላው መሮጥ ነበረብኝ።

አንድ ቀን በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ የሌላ ወፍራም ልብ ወለድ አራተኛ ቁራሽ ሰጠሁት። ደብተሩን አውጥቼ ቦታ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ። ምን ልበል? የት? ዝናቡ ሊወርድ ነው፣ ሦስት ቦታ ይቀረኛል፣ እሱ ደግሞ መሄድ ጀምሯል። ደብተሩን ባዶ ተውኩትና በካርቶኑ ክዳን ውስጥ በእርሳስ «መምህር ዳንኤል» ብዬ ጻፍኩ። እንዳይጠፋብኝ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት እኔን ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አንድ ካድሬ ሱቃችን ገባ። ካኪ የለበሰ፣ ወጣት፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነበር። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የመጽሐፉን ርዕስ አነበበ። ያ መጽሐፍ ከእንግዲህ አይነበብም፣ ይሰብሰብ ተብሏል።

«የሸጥነውን ሸጠናል፤ የቀረን የውሰቱ ነው ጓድ» አሉ ጋሼ ነስሩ። «አራት ቦታ የተከፈለ ነው። ሦስቱ እዚህ አሉ። አራተኛው ውጭ ነው።»

«ሰኞ ጠዋት መጥቼ አራቱንም እወስዳለሁ። ማን ማን እንዳነበበውም እፈልጋለሁ» አለና ሄደ። ሲወጣ በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ጋሼ ነስሩ ደብተሩን ገልጠው አራተኛው ቁራሽ ያለበትን መስመር አዩት። ባዶ ነው። ቀና ብለው አዩኝ።

«የት ነው?»

«መምህር ዳንኤል ጋ ነው ጋሼ። ቦታ ስለሌለው... ስሙን ክዳኑ ውስጥ ጻፍኩት።»

ሰውዬው አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔ ሃያ ዓመት ስም ያልጻፍኩት የምጽፈው አጥቼ መሰለሽ?» አሉኝ። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ትያለሽ አይደል ሁልጊዜ? ወራሹ ማን እንደሆነ ሳታውቂ እንዴት ትጽፊያለሽ ልጄ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

እሳቸው ብዕር አንስተው ባዶው መስመር ላይ «መንገድ» ብለው ጻፉ። ይህቺን አንዲት ቃል እኔ አስቤ ብጽፋት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። «ተነሺ እንግዲህ። አዟሪ አይደለሽ? ፈልጊው» አሉኝ።

መምህር ዳንኤልን እንደልማዱ መንገድ ላይ አገኘሁት። ቁራሹ እጁ ላይ የለም፤ ሌላ ነገር ነው የሚያነበው።

«ጨርሼው ለኦቦ ፈይሳ ሰጠሁት። ሦስተኛውን ጨርሰው በየቀኑ እያስቆሙ ሲጠይቁኝ አላስችለኝ አለ» አለኝ።

ይህ ከደንባችን ውጭ ነው። ቁራሽ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ግን በምን አፌ ልቆጣው? ዓይኔን በጨው አጥቤ የሠራሁትን ነገርኩት። መጽሐፉ እንደሚሰበሰብ፣ ስሙ ክዳኑ ላይ እንዳለ፣ ሰውዬው ሰኞ እንደሚመጣ።

ቀጥ ብሎ ቆመ። በራሱ ፈቃድ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጃንጥላው ወደ ጎን አዘነበለና ዝናቡ ትከሻውን መታው፤ አላስተካከለውም።

«ከዚያኛው ቦታ የመጣሁት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እስቲ ቁራሹን ፈልጊው፣ ታደለች። ሌላ ምን እላለሁ?»

አለመቆጣቱ እንደ እሾህ ወጋኝ። ኦቦ ፈይሳ ቤት ስሮጥ መስኮታቸው ዝግ ነው። ባለቤታቸው ለቅሶ ኖፓ እንደሄዱ ነገረችኝ። ቁራሹስ? «ትናንት ከሁሩሙ ሰው ሲገኝ ለማር ሻጯ ለአዴ ጫልቱ ላኩላት፤ መጨረሻውን ካላነበብኩ ብላ ደጋግማ ልካባቸው» አለችኝ። እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ስም የተጻፈበት ቁራሽ በሰው እጅ ተይዞ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ሄዷል። ነገ ደግሞ ሁሩሙ ገበያ ነው፤ የማይመጣበት ሰው የለም፣ ካድሬውም ጭምር።

ቅዳሜ ጠዋት በቡና ጭነት መኪና ላይ ከጆንያ መሐል ተቀምጬ ሁሩሙ ገባሁ።

አዴ ጫልቱ ማር ተራ ውስጥ ከስድስት ማሰሮ ኋላ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አምሳ ዓመት የዘለቁ ሴት ናቸው። ፊደል የለዩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጃቸው የገባ ወረቀት ሳይነበብ አያልፍም፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን። ቁራሹን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በሌባ ጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ማር የነካው ጣት ነው።

«አከም ጂርታ ኢንተላ? ነይ፣ ታኢ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፤ በኦሮምኛ ሰላም ብለው እንድቀመጥ ሌላ በርጩማ በእግራቸው ገፉልኝ።

«አዴ ጫልቱ፣ ቁራሹን ስጡኝ። አሁኑኑ።»

«ኤጊ!» አሉ እጃቸውን አንስተው፤ ጠብቂ ማለታቸው ነው። «ሰባት ገጽ ቀርቶኛል። የመጽሐፉ ሰውዬ ወደ አገሩ ይመለስ አይመለስ እዚሁ ላይ ነው ያለው።»

«መጽሐፉ ሊሰበሰብ ነው! ክዳኑ ላይ የሰው ስም አለ! ሰው ይታሰርበታል!»

አሁን ቀና አሉ። ቁራሹን ዘግተው ክዳኑን አገላበጡት፤ ከውስጥም ከውጭም አዩት። «ምን ስም?» አሉኝ።

ነጥቄ ገለጥኩት። የሳሙናው ካርቶን የለም። በምትኩ ቁርጥራጭ ካኪ ጨርቅ ድርብ ሆኖ በሲንጀር ተሰፍቶበታል፤ ጥብቅ ያለ ክዳን ነው። ከውስጡ ንጹሕ ነው። አንድ ፊደል የለበትም።

«እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ» አሉ አዴ ጫልቱ። ከዚያ ፊቴን አይተው ድምፃቸው ለሰለሰ። «ሂንሶዳትን፣ አይዞሽ አትፍሪ። ስሙ የለም። እንግዲህ ሰባቱን ገጽ ልጨርስ?»

ምን እላለሁ? የሚወሰድ መጽሐፍ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ፊደልን ሃምሳ ዓመት ጠብቀው ያገኙ ሴት ናቸው። «ይጨርሱ» አልኩ። ማንኪያውን ተቀብዬ እኔ ማር እየቀዳሁ ሸጥኩላቸው፣ እሳቸው አነበቡ። ሰባት ገጽ ከረፋዱ እስከ ቀትር ወሰደ። አንድ ደንበኛ ቢያናግራቸው እጃቸውን ብቻ ነው የሚያወዛውዙት። ሲጨርሱ ቁራሹን ዘግተው እጃቸውን ላዩ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አልጠየቅኋቸውም። እኔ ራሴ ሦስተኛው ላይ ነበርኩና መጨረሻውን በመኪናው ላይ አነበዋለሁ ብዬ ነው።

መች ተነበበ! ከሁሩሙ እስከ መቱ ዝናቡ ሲወርድብን ቁራሹን በቀሚሴ ውስጥ ደብቄ፣ ጆንያ ለብሼ ገባሁ፤ ጋሼ ነስሩም ያኔውኑ ተቀብለው ከሦስቱ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

እሑድ ኦቦ ፈይሳ ከኖፓ ተመለሱ። መስኮታቸው ሥር ሄጄ ስለ ክዳኑ ጠየቅኋቸው። መርገጫውን ረገጥ ረገጥ እያደረጉ፣ ቀና ሳይሉ ነው የመለሱልኝ።

«ክዳኑን ስገልጥ ስም አየሁ። በዚህ ጊዜ ስም ያለበት ዕቃ ወደ ገበያ ይላካል እንዴ? ካርቶኑን ምድጃ ውስጥ ከተትኩትና ከሚሊሺያዎቹ ልብስ የተረፈ ካኪ ሰፋሁበት።»

«መጽሐፉ እንደሚሰበሰብ ሰምተው ነበር?»

«ኧረ እኔ ምን ሰምቼ! ስም ነበረበት፣ አወጣሁት። አለቀ።»

ማንም ሳያዛቸው፣ ምንም ሳይሰሙ፣ ሳይነግሩኝም። እኔ ሁለት ዓመት ተኩል የሠራሁበትን ደንብ እኚህ ሰው በመስኮታቸው ሥር ሆነው ከእኔ በተሻለ ያውቁት ነበር። እጃቸውን ሳምኩ። «ምን ነካት ይቺን ልጅ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሰኞ ካድሬው በሰዓቱ መጣ። አራቱ ቁራሽ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አራተኛውን አንስቶ ክዳኑን ዳሰሰ፣ ቀጥሎ የራሱን እጅጌ ዳሰሰ።

«ይሄኛው ለምን ተለየ?»

«ብዙ የተነበበው እሱ ነው ጓድ። ካርቶን አልቻለውም» አሉ ጋሼ ነስሩ።

ገጾቹን ሊገልጥ ሞከረ፤ ተጣበቁበት። ጣቱን አሸተተ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ማር ነው።»

«ከየት የመጣ ማር?»

«ኢሉባቦር ውስጥ ማር ያልነካው ምን አለ ጓድ?»

ሰማያዊውን ደብተር ጠየቀና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ወፍጮ ቤት። ጽዱ ሥር። ድልድይ፣ ድንጋዩ። መንገድ። ገጽ ገለበጠ። አሁንም ወፍጮ ቤት፣ አሁንም ድልድይ።

«ሰዎቹ የታሉ?»

«ሰው አንጽፍም። ዕቃችን የት እንዳለ ነው የምንጽፈው።»

«ወፍጮ ቤት የሚያነበው ማን ነው?»

«እህል ያለው ሁሉ።»

«መንገድስ?»

«የሚሄድ ሁሉ» አሉ ጋሼ ነስሩ። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኜ እጄ አላበኝ፤ በሥራ ዘመኔ ያን ዕለት ብቻ።

ካድሬው አራቱንም ቁራሽ፣ ደብተሩንም፣ ጋሼ ነስሩንም ይዞ ሄደ። እሳቸውን ሁለት ቀን አቆይተው ለቀቋቸው። ሲመለሱ የተናገሩት «አግዳሚያቸው ይቆረቁራል፤ አንድ የሚነበብ ነገር እንኳ የላቸውም» የሚል ብቻ ነው። አዲስ ደብተር አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። ሥራዬን ይነጥቁኛል ብዬ ሳልተኛ ነበር የሰነበትኩት። መምህር ዳንኤል በሳምንቱ ሲመጣ ሌላ ቁራሽ ሰጠሁትና እያየኝ «መንገድ» ብዬ ጻፍኩ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሦስተኛውን ቁራሽ ጨርሰው መጨረሻውን ያላገኙ አሥር ያህል አንባቢዎች ነበሩ፣ እኔን ጨምሮ። ከአገሩ የተሰደደው ሰውዬ ወደ ቤቱ ይመለስ ይሆን? በየደረስኩበት ይጠይቁኛል፤ ያነበቡት ኦቦ ፈይሳና መምህር ዳንኤል ስለዚያ መጽሐፍ አፋቸውን አይከፍቱም። በመጨረሻ «ሁሩሙ ሂዱ፣ ማር ተራ፣ አዴ ጫልቱን ጠይቁ» ማለት ጀመርኩ። ይህንን የትም አልጻፍኩትም።

ሄዱ። ሴትየዋ መጀመሪያ ማር ይሸጡላቸዋል፣ ከዚያ በርጩማ ይገፉላቸዋል፣ ከዚያ በኦሮምኛና በአማርኛ እያፈራረቁ ይተርኩላቸዋል። እኔም ሄጄ ሰምቻለሁ። ሰውየው በክረምት ተመለሰ፣ ወንዙ ሞልቶ በገመድ ተሻገረ፣ እናቱ በእርምጃው አወቀችው። ማር ተራው ሁሉ ነበር የሚያዳምጠው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ያ መጽሐፍ እንደገና ታተመ። አንድ ሙሉ ቅጂ አግኝቼ መጨረሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አነበብኩት። ሰውየው አይመለስም። መንገድ ላይ ይቀራል፤ እናቱ በር ላይ እንደቆመች ያልቃል።

ሁሩሙ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። መጽሐፉን አሳይቼ «ለምን እንዲህ አደረጉን?» አልኳቸው።

«በዚያ ጊዜ ልጁ ያልተመለሰለት ሰው ስንት ነበር?» አሉኝ። «ከመቱ ድረስ መጥቶ፣ እዚህ ተቀምጦ፣ ተመለሰ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አልተመለሰም ልበለው?»

ኦቦ ፈይሳና መምህር ዳንኤል እውነተኛውን መጨረሻ አንብበውታል። ያን ሁሉ ዓመት አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

በመጽሐፍ ቤት ለምትሠሩ የምነግራችሁ ይህንን ነው። አንባቢያችሁ የት እንደሚያነብ እወቁ። ስሙን አትጻፉ።